የሐሊም ኤል-ዳብን ሙዚቃ ዛሬም የምታዳምጡ አላችሁ?

ጠያቂ፦ ሸክላ ሰብሳቢ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣

ሰሞኑን አንድ የቆየ ሲዲ ከመሳቢያ አውጥቼ ሌሊቱን ብቻዬን ሳዳምጥ ስለቆየሁ፣ ለዓመታት በልቤ ሲመላለስ የኖረውን ጥያቄ ላቀርብላችሁ ወሰንኩ። ሲዲው የግብፅ ተወላጁ የሐሊም ኤል-ዳብ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎች የተሰበሰቡበት ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚዘልቀው፣ በ1944 ካይሮ ውስጥ የተሠራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ሐሊም በዚያን ጊዜ የግብርና ተማሪ ነበሩ። ካይሮ ከነበረ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ተውሰው ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ሄዱና ዝማሬውን ቀዱ። ከዚያም ወደ ጣቢያው ተመልሰው፣ ግድግዳዎቹ በሚንቀሳቀሱበት ክፍል ውስጥ የቀዱትን ደጋግመው እያጫወቱና እንደገና እየቀዱ፣ ማሚቶውን እያበዙ፣ ወፍራሙንና መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሱ፣ ከበላዩ የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀሩ። የተገኘው ነገር የሰው ድምፅ መሆኑ በጆሮ አይለይም፤ ሆኖም ከሰው ጉሮሮ ካልሆነ ከየትም ሊመጣ እንደማይችል ሰውነት ያውቀዋል።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች አብዛኞቹ ከፓሪስ፣ ከ1948፣ ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፌር ከቀዷቸው የባቡር ድምፆች ይጀምራሉ። የካይሮው ሥራ በአራት ዓመት ቀድሞ ሳለ ሰውየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሰው ሲታለፉ አዝናለሁ። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን እኛው ዘንድ መረሳታቸው ነው፤ ምክንያቱም ሐሊም በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፣ በ1963ም የባህል ሙዚቃ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርተዋል። ይህን ሰው የምታስታውሱ፣ ሙዚቃቸውንም የምታዳምጡ ካላችሁ፣ ምን እንደምትሰሙበት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።


የጎንደር ልጅ

ውድ ሸክላ ሰብሳቢ፣

ይህን ሥራ መጀመሪያ የሰማሁት ከአሥር ዓመት በፊት ሲሆን፣ እስካሁን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን አጠገብ አንዲት ባለዛር ሴት ይኖሩ ነበር። እናቴ ወደዚያ እንዳልጠጋ ትከለክለኝ ስለነበር ሥርዓቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው በጭቃው ግድግዳ አልፎ የሚመጣውን ብቻ ነው። መሬት ላይ በተነጠፈው ቁርበት ስተኛ የከበሮው ምት በጀርባዬ ይሰማኛል። ዝማሬው ግን ቃሉ ግድግዳው ላይ ይቀርና ጫፉ ብቻ፣ ያውም የሴቶቹ ድምፅ ከፍ ያለበት ቦታ ብቻ፣ በጣራው ክዳንና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ከዕጣኑ ሽታ ጋር ሾልኮ ይደርሰኛል። የሚዘፍኑትን አንድም ቀን ለይቼ አላውቅም፤ ድምፁን ግን ዛሬም ቢሆን ከሺህ ድምፅ መካከል እለየዋለሁ።

የሐሊምን ሥራ ስሰማ የመጣብኝ ያ ሌሊት ነበር። ብዙ ሰዎች ሥራውን እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት አድርገው ሲገልጹት አነባለሁ፤ እኔ ግን እንደዚያ ሊሰማኝ አልቻለም። ዋናውን ድምፅ አስወግዶ ጫፉን ብቻ ማስቀረት፣ ግድግዳ ለልጅ ጆሮ የሚያደርገው ነገር ነው። የዛር መነሻ ኢትዮጵያ ናት የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ በመሆናቸው፣ ካይሮ የተቀዳው ዝማሬ ጎንደር ያደገውን ጆሮ ቢነካ አይገርመኝም። ስለዚህ «ከሼፌር ቀድመው ነበር» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም፣ እኔ ስለ እሳቸው ስናገር የምጀምረው ከዚያ አይደለም። ቀዳሚነታቸው ብቻ በተነገረ ቁጥር ሙዚቃውን የሚያዳምጥ ሰው እያነሰ የሚሄድ ይመስለኛል።


የስድስት ኪሎ ተማሪ

ልጆቼ፣ ይህ ስም በዚህ መድረክ ሲነሳ በማየቴ ልቤ ተነክቷል።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዘመን ሐሊም አገር ለቀው ሄደው ነበርና እሳቸውን አላየኋቸውም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ግን፣ ተስፋዬ ለማ ይመሩት በነበረ ጊዜ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት በገናን ያወቅሁት በጾም ወራት፣ ማሲንቆን በአዝማሪ እጅ፣ እምቢልታን ደግሞ በበዓል ሰልፍ ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስመለከት፣ ዘመዶቼ ሁሉ ባንድ ቀን ቤታችን የመጡ ያህል ተሰማኝ።

ከሁሉም አብልጦ የማይረሳኝ እምቢልታ ነፊዎቹ ናቸው። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይወጣውም፤ ያሉት ድምፆች ከሁለትና ሦስት ስለማያልፉ ዜማው የሚሠራው አንዱ ነፊ ለሌላው እያቀበለ ነው። አንደኛው ነፊ መሣሪያውን ከከንፈሩ ሳያርቅ፣ ጉንጩን ሞልቶ፣ ዓይኑን ጓደኛው ላይ ተክሎ ተራውን ሲጠብቅ አየሁት፤ ሲደርሰው አንዲት ድምፅ ሰጥቶ ተመልሶ ዝም አለ። የበገናውም ነዛሪ ድምፅ፣ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣው፣ ክራሩ ዝግ ባለ ጊዜ ሁሉ ከሥር ይሰማ ነበር።

የ1944ቱን ሥራ ልጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልኳ አሰማችኝ። ሰውየው ኦርኬስትራውን የመሠረቱት መሆናቸውንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን አቀራርቤ ሳስባቸው አንድ ጆሮ የሠራቸው እንደሆኑ ይገባኛል። በሽቦ ላይ የድምፅን ጫፍ የፈለገ ሰው፣ የበገናን ንዝረትና የአንዲት እምቢልታ ድምፅን ክብደት ቢያውቅ ምን ይደንቃል? ኦርኬስትራው በ1975 መበተኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በበኩሌ በዚያ ዘመን ከሬዲዮ የተቀዳ አንድ የቴፕ ክር አለኝ። ክሩ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ አርባ ዓመት ያልፈዋል፤ የኦርኬስትራው ጨዋታ እንዳለበት ሳጥኑ ላይ በእጄ ጽፌበታለሁ። ማጫወቻ ካገኘሁ አንድ ቀን እሰማዋለሁ ብዬ አኑሬዋለሁ።


ከዋሽንግተን

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይም ለአባታችን ለስድስት ኪሎ ተማሪ።

አንድ ነገር እንድናስተካክል በትሕትና ልጠይቅ። ሐሊም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡ ናቸው ሲባል በተለያየ ቦታ ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ያቆሙት ሥራ ግን በእጅ፣ በእስትንፋስ፣ በእንጨትና በቆዳ የሚሠራ ነበር። ይህን የምለው ክብራቸውን ለመቀነስ ሳይሆን፣ እንዲያውም ትልቅነታቸው እዚያ ላይ ስለሚታየኝ ነው። በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል፣ በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያገኙት መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ ሰው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ተቀምጠው ከየብሔረሰቡ የመጡ ባለሙያዎችን አብረው እንዲጫወቱ አደረጉ።

የ1944ቱን ብቻ የሰማችሁ የ1959ኙን «ለይላና ባለቅኔው» የተሰኘ ሥራ እንድታደምጡ አደራ እላለሁ። በ1964 ከሌሎች የማዕከሉ ሥራዎች ጋር በሸክላ ወጥቷል። የቆየውን የዓረቦች የፍቅር ታሪክ፣ የለይላንና የመጅኑንን፣ ተከትሎ የሰው ንግግርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በቴፕ ላይ እያፈጠነና እያዘገመ የሚያሽከረክር ነው። የዚያ ማዕከል ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ ሙዚቃን እንደ ሒሳብ ሲያሰሉት፣ የእሳቸው ሥራ ውስጥ ግን ተረት የሚናገር ሰው አለ፤ ከሌሎቹ ቀጥሎ ሲሰማ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሐሊም ከ1966 እስከ 1969 እዚሁ ዋሽንግተን፣ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ከዚያም ኦሃዮ ወደሚገኘው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አልፈው በ2017፣ በ96 ዓመታቸው እዚያው ኬንት ከተማ አረፉ። እኔ በሀዋርድ አጠገብ ለዓመታት ስመላለስ ይህን አላውቅም ነበር። ኬንት ከዚህ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ በሕይወት ሳሉ ሄጄ እጃቸውን ባለመሳሜ ይቆጨኛል።


ሸክላ ሰብሳቢ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የጎንደር ልጅ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሥራውን በሌላ ክፍል አስጀምሬ በሩን ዘግቼ ከውጭ ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው ልሰማው አልቻልኩም።

አባታችን ሆይ፣ ስለዚያ ቴፕ ግን አንድ ልመና አለኝ። እባክዎ በአሮጌ ማጫወቻ አያስጀምሩት። ይህን ያህል ጊዜ የተቀመጠ ክር ደርቆ ሊበጠስ ይችላል፤ ያላጸዱት ማጫወቻም ገና ሲነካው ይልጠዋል። ሳጥኑን ከሙቀትና ከእርጥበት አርቀው፣ ከማግኔትና ከድምፅ ማጉያም አሽሽተው፣ ክሩን ሳያስተኙ በጠርዙ ያቁሙልኝ። የሸክላና የቴፕ ክር ወደ ኮምፒውተር የመገልበጥ ልምድ ስላለኝ፣ ፈቃድዎ ከሆነ መሣሪያዬን ይዤ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ፤ ቴፑ ከእጅዎ መውጣት አያስፈልገውም። ሣጥኑ ላይ የጻፉትንም ሳይጠርጉ እንዳለ ይተዉልኝ፤ ምናልባት ቀኑ ተጽፎበት ይሆናል።


የስድስት ኪሎ ተማሪ

ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና። ቴፑን እንዳልከኝ አቁሜዋለሁ። ቀኑ አልተጻፈበትም፤ «እምቢልታዎቹ ያሉበት» ይላል።