የአባቴ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሏል፤ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አባቴ ሐይቅ አካባቢ ሦስት ቀን ሙሉ ጤፍ ሲያጭዱ ሰንብተው በማግስቱ ለምርመራ ደም ሲሰጡ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የተባሉት ኢንዛይሞች 95 እና 48 ሆነው ወጡ። ጉበታቸው ታሞ ይሆን?

መልስ፦ ኤኤልቲ በአብዛኛው የሚገኘው በጉበት ሲሆን ኤኤስቲ ግን በጡንቻና በልብም ስላለ፣ ብዙ ላቦራቶሪዎች 40 ገደማ ከሚያደርጉት የጤናማ መጠን ጣሪያ ኤኤስቲ ይበልጥ ርቆ ሲያልፍ፣ ምንጩ በአጨዳው የተጎዳ ጡንቻም ሊሆን ይችላል። ሲኬ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ያስለኩላቸው፤ እሱም ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ጡንቻው ያደላል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ አይቅር። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የባህሉንም ጭምር (ሽማግሌዎቻችን ይህንን መደበቅ ይወዳሉ)፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጠያቂዋ፦ ዓይናቸው ንጹሕ ነው። ከዕረፍት በኋላ ምርመራውን እናስደግማለን፤ እግዜር ይስጥልኝ።