ለጦርነት ተጨማሪ ግብር እንክፈል?

ጥያቄ፦ እስራኤል ያላችሁ፣ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ቫት ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ ያለው በዋናነት ለጋዛው ጦርነት ወጪ ነው። እናቴ ቢሮ ታጸዳለች፤ ጤፍ ገዝታ ደረሰኙን ሁለቴ አየችው። ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልስ 1፦ እኔ እከፍላለሁ። ወንድሜ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ስንት ወር ከሥራው ቀርቷል፣ ለነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይምጣ?

መልስ 2፦ ወንድምህን እግዜር ይጠብቀው። ግን ቫት ሀብታሙንም ደሃውንም እኩል ነው የሚያስከፍለው፣ ደሞዟ ወር ለማያደርሳት እናት በጣም ይከብዳል። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቫት ባለመኖሩ ነው የተረፍነው!

መልስ 3፦ መንግሥት ግብር ሳይጨምር ቢበደርም ብድሩ ያው ግብር ነው፣ ከፋዮቹ ልጆቻችን ናቸው። አሜሪካ በ2003 ኢራቅ ስትገባ ጭራሽ ግብር ቀንሳ ወጪውን በብድር ሸፈነችው። እኔ አሁኑኑ ይከፈል ባይ ነኝ፣ ግን በቫት ሳይሆን በገቢ ልክ።