ለትንሽ ዲስትሮ (የሊኑክስ ስርጭት) የሚወጣበትን ቀን ቆርጦ መነሣት ይሻላል ወይስ ሥራው ሲያልቅ ማውጣት?

ጥያቄ
በደቢያን 13 (በታወቀ የሊኑክስ ዲስትሮ) ላይ የቆመ ዲስትሮ አምስት ሆነን እያዘጋጀን ነው። ለሚቀጥለው ሪሊዝ (ለሚወጣው ስሪት) አዲስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት)፣ እንደገና የተሠራ ኢንስታለር (መጫኛ ፕሮግራም) እና ገና ሲጫን የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ አቅደናል። ቀኑን አስቀድመን እናሳውቅ ወይስ ሦስቱ ሲያልቁ እናውጣ? ፍሪዝስ (አዲስ ለውጥ መቀበል የሚቆምበት ጊዜ) መቼ ይጀመር?

መልስ 1
ቀን ቁረጡ። «ሲያልቅ» የተባለ ሪሊዝ አያልቅም። ደቢያን 3.0 እ.ኤ.አ. ጁላይ 2002 ወጥቶ 3.1 እስከ ጁን 2005 የቆየው በከፊል አዲሱን ኢንስታለር ሲጠብቅ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለደቢያን 13 ማርች 15፣ 2025 ኮምፓይለሩ (ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) እና ትልልቅ የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ለውጦች ተዘጉ፤ ኤፕሪል 15 አዲስ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) መግባት ቆመ፤ ሜይ 15 ዋና ዋናዎቹ ያለ ፈቃድ እንዳይነኩ ሆነ፤ ጁላይ 27 ሁሉም ተቆለፈ፤ ኦገስት 9 ወጣ። ኮምፓይለሩ የሚቀድመው እሱ ከተነካ በእሱ የተገነባው ሁሉ እንደገና መፈተሽ ስላለበት ነው። እናንተ መሠረቱን ተዘግቶ ስለምታገኙት አምስት ወር አያስፈልጋችሁም። አራት ሳምንት ሲቀር አዲስ ነገር ይቁም፤ ሁለት ሲቀር አስጊ ባግ ብቻ ይስተካከል።

መልስ 2
በቀኑ እስማማለሁ፤ ከርነልና ኢንስታለር ግን ባንድ ሪሊዝ አትቀይሩ። በኔትወርክ የሚጭን ኢንስታለር የያዘው ከርነልና ሰርቨሩ ላይ ያሉት ሞጁሎች (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍሎች) ቨርዥናቸው ካልገጠመ «የከርነል ሞጁል አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ተጠቃሚው ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ኢሜጁ (የመጫኛው ፋይል) ከተሠራ በኋላ አንድ የከርነል የደኅንነት ማስተካከያ መግባቱ ብቻ ለዚህ ይበቃል። ደቢያን 13 በያዘው ከርነል 6.12 ቆዩ።

ኪቦርዱ ይግባ፣ ግን የይለፍ ቃል ሳጥን ላይ አጥፉት። ዲስኩን በአማርኛ ፊደል በተጻፈ ይለፍ ቃል ያመሰጠረ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጠብቀው የላቲን ኪቦርድ ብቻ ስለሆነ መክፈቻ ያጣል።

መልስ 3
መጠባበቂያ አትርሱ። ማርች 2024 መጨረሻ ኤክስዜድ (ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም) ውስጥ የተደበቀው የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ሲጋለጥ ኡቡንቱ የተባለው ዲስትሮ ፓኬጆቹን እንደገና መገንባት ነበረበት። የ24.04 ሪሊዙ ቤታ (የሙከራ ቅጂ) ከኤፕሪል 4 ወደ 11 ተገፋ፤ ዋናው ግን በተባለው ቀን፣ ኤፕሪል 25 ወጣ። በመጀመሪያው የቤታ ቀንና በዋናው መሀል ሦስት ሳምንት ስለነበረ አንዱ ቢበላም ቀኑ አልተነካም።

ግቦቻችሁንም በሚፈተሽ መልክ ጻፉ። «ኢንስታለሩ ይሻሻል» ምኞት ነው፤ «2 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል» ግን ይለካል። ከያንዳንዱ ጎን ኃላፊውንና ካልደረሰ የሚሰረዝበትን ቀን አስፍሩ።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። ኢንስታለሩን ወደ ቀጣዩ እናሻግራለን። የፍሪዙን ሰዓት 23:59 ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ብለን ብንጽፍ ይበቃል?

መልስ 1
ከጎኑ «በማግስቱ ከሌሊቱ 8:59፣ በአዲስ አበባ» በሉበት። ቀኑም እ.ኤ.አ. መሆኑ ይጻፍ፤ አንዱ በኛ አቆጣጠር አንብቦት ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ይዞ ዘግይቶ ይመጣል።