ለገና ጥድ ይቆረጥ ወይስ የግቢ አበባ ይብቃን? (የጎንደር ክርክር)

ጥያቄው፦ ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ። የጎንደር ሆቴሎችና ቤቶች በየዓመቱ የጥድ ቅርንጫፍ ከሚያስቆርጡ በግቢያቸው አበባ ቢያጌጡ አይሻልም?

አትክልተኛ፦ ይሻላል፤ ግን ታኅሣሥ ላይ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ፖይንሴቲያ (ቀዩ የገና አበባ) ቅጠሉ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ጨለማው ሳይቋረጥበት ከ8 እስከ 10 ሳምንት ከቆየ ለበዓሉ ይደርሳል። የመጨረሻው የቅርንጫፍ ግረዛ ነሐሴ ላይ ነው፤ ጥቅምት ላይ የገረዘ ቀዩን አብሮ ጣለው። በረንዳ አምፖል ሥር የተተከለው ደግሞ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ሰዉ ማዳበሪያ ይጨምርበታል፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ጽጌረዳ ከፈለጋችሁ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ግረዙ፤ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ ብርዱ ሲጠና ይዘገያል።

ዲኮር ሠሪ፦ ወንድሜ፣ ደንበኛ የሚጠይቀው ዛፍ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ፤ ቡገንቪሊያ (አጥር ላይ የሚንጠላጠለው አበባ) ተቆርጦ ሲያድር ይረግፋል፣ ፖይንሴቲያም በሰዓታት ይጠወልጋል።

አትክልተኛ፦ የሚጠወልገው ወተቱ እየፈሰሰ ስለሚቀር ነው። ጫፉን በሻማ ነበልባል ጥቂት ሰከንድ ለብለብ አድርጋችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ወተቱ ቆዳና ዓይን ስለሚያሳክክ እጃችሁን ታጠቡ። የአበባ ማስቀመጫውን ውኃ በየ2 ቀኑ ለውጡ። ከሙዝ ሳህን አጠገብም አታስቀምጡት፤ ፍሬው ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አበባ ያረግፋል። ለ12 ቀን ከሆነ ግን ቆርጦ ከማሰቃየት በማሰሮ የተተከለውን ከነማሰሮው ማስገባት ይሻላል።

ኤሌክትሪሽያን፦ የተቆረጠ ጥድ ዘይት አለው፣ በበጋ አየር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። የሚሞቅ አምፖል ከተጠመጠመበት ማገዶ ነው። ኤልኢዲ ተጠቀሙ፤ ሽቦውንም ምጣድ ከተሰካበት ዲቫይደር አትሰኩ፣ በበዓል ዋዜማ የሚቀልጠው እሱ ነው። ፖይንሴቲያ ላይ መብራት መስቀል የፈለገ ከቀላ በኋላ ይስቀል።

የቤት እመቤት፦ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አበባ ላጠጣ? የአንገረብ ግድብ ለሰውስ መች በቃ!

አትክልተኛ፦ እመቤቴ፣ መሬት የያዘ ቡገንቪሊያ ሲጠማ ነው የሚያብበው፤ አብዝተው ካጠጡት ቅጠል ብቻ ያወጣል። ለማሰሮው ግን የላይኛው አፈር 3 ሴንቲሜትር ያህል እስኪደርቅ ይጠብቁ። የአትክልት እጣቢ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት አይሆንም። 5 ሴንቲሜትር ጭድ ከግንዱ ራቅ አድርገው ቢያለብሱት እርጥበቱን ይይዛል።

የደብር ሰው፦ ዛፍ ማቆም ራሱ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፤ የእኛ ቤት ቄጠማ ይጎዝጎዝበታል። የሐበሻ ጥድ ዘገምተኛ ነው፣ የዛሬው ቅርንጫፍ ቶሎ አይተካም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የከበቡትን ጥዶች ያየ ሰው መጋዝ አያነሣም።

ዲኮር ሠሪ፦ እሺ፣ የሐበሻውን ተዉት። ለአጥር የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ግን መከርከሙ አይቀርም። ከዚያ የወደቀውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ባቆመው ምን ትላላችሁ?

ኤሌክትሪሽያን፦ ውኃው ሳይጎድል፣ መብራት ሳይጠመጠምበት። ሲነኩት መንኮታኮት ከጀመረ በዚያው ዕለት ይውጣ።