ሁሉም ድርጊት መንስኤ ካለው ማንን እንወቅሳለን? (ሂዩምና ካንት)

ጠያቂ፦ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም መንስኤና ውጤትን ክዷል ሲባል ደጋግሜ አነባለሁ። ይኸው ሰው ግን ያለ መንስኤ ወቀሳም ምስጋናም ቦታ የላቸውም ይላል። እንዴት ይታረቃል? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትስ የሚለየው ምኑ ላይ ነው?

መላሽ 1፦ አልካደም። አንዷ የቢሊያርድ ኳስ ሌላዋን ስትመታ ዓይን የሚያየው መነካካታቸውን፣ ቅደም ተከተላቸውንና ሁሌም እንዲያው መሆኑን ነው። «ግድ ነው» የሚለው ግን ኳሷ ላይ አይታይም፤ አእምሮ ከልማድ የሚጨምረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው ሥራ (ስለ ሰው ግንዛቤ የጻፈው ምርመራ፣ Enquiry) 8ኛ ክፍል ይህንኑ ወደ ሰው ያመጣዋል። ወደ መገደያው የሚወሰድ እስረኛ ሞቱ እንደማይቀር ከመጥረቢያው ብቻ ሳይሆን ከጠባቂዎቹ ታማኝነትም ያውቃል፤ እርግጠኝነቱ እኩል ነው። ወቀሳም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ድርጊቱ ከሰውየው ጠባይ ካልመነጨና እንዲሁ ዱብ ካለ የእሱ አይደለም። ነጻነት ብፈልግ ማድረግ፣ ባልፈልግ መተው መቻል ነው፤ በሰንሰለት ያልታሰረ ሁሉ አለው።

መላሽ 2፦ ካንት የሚጣላው ከዚች ከመጨረሻዋ የነጻነት ትርጉም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1788 (Critique of Practical Reason) እንዲህ ያለውን ነጻነት ከሥጋ መጥበሻ መዘውር ጋር ያመሳስለዋል፤ መዘውሩም አንዴ ከተጠመዘዘ በራሱ ይዞራል።

የራሱን መልስ ለማግኘት በ1781ዱ ሥራው (Critique of Pure Reason) ያለውን የውሸት ምሳሌ ያንብቡ። አንድ ሰው በክፋት ዋሽቶ ሰዎችን አተራመሰ። መንስኤውን ስንፈልግ መጥፎ አስተዳደግ፣ መጥፎ ባልንጀራ፣ ሐፍረት የማያውቅ ተፈጥሮ እናገኛለን። እንዲያም ሆኖ እንወቅሰዋለን፤ አእምሮው ያን ሁሉ አልፎ መወሰን ይችል ነበርና።

ብዙ አንባቢ የሚስተው እዚህ ነው፤ ነጻነትን በመንስኤዎቹ ሰንሰለት መሀል እንደ ክፍተት ይፈልገዋል። ክፍተት የለም። በጊዜ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ መንስኤ አለው፤ ያው ድርጊት ግን በሌላ ወገኑ ከጊዜ ውጭ የሆነ አእምሮ ሥራ ነው።

መላሽ 3፦ እኔን የማያሳምነኝ ይኸው «ከጊዜ ውጭ» ነው። ትናንት ክፉ የነበረ ዛሬ ተጸጽቶ ሲለወጥ፣ ለውጡ በፊትና በኋላ ይፈልጋል። ለሂዩም ቀላል ነው፦ ጠባዩ ተለውጧል፣ ወቀሳውም ይነሣለታል።

በአማርኛ ለሚያነብ አንድ ጥንቃቄ፦ «ምክንያት» ድንጋይ ለወደቀበትም፣ ሰው አስቦ ለሠራበትም ይሆናል። ለመጀመሪያው «መንስኤ»ን ለይተው ከያዙ የካንት ክርክር በጣም ግልጽ ይሆናል።

ጠያቂ፦ ጠባዬን እኔ ካልመረጥኩትስ፣ ሂዩም ምን ይለኛል?

መላሽ 1፦ ባይመርጡትም ወቀሳው አይቀርልዎትም ይላል፤ ወቀሳ ለሂዩም ከስሜት የሚነሣ እንጂ በስሌት የሚደረስበት አይደለም። ብዙ ገንዘብ የተዘረፈን ሰው ስለ ዓለም አጠቃላይ ሥርዓት ቢያስረዱት ንዴቱ አይበርድለትም ይላል፤ እዚያው 8ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ያገኙታል።