ሊምፎማ፦ እብጠቱ ሳይጠፋ ሕክምናው «ሠርቷል» የሚባለው እንዴት ነው?

ጥያቄ
ታናሽ ወንድሜ ሆጅኪን ሊምፎማ (ከንፍፊት ዕጢዎች የሚነሣ ካንሰር) እንዳለበት የታወቀው ከአንገቱ ንፍፊት ተወስዶ በተመረመረ ናሙና ነው። ከ2 ዙር ኬሞ በኋላ ፔት-ሲቲ ስካን ተነሥቶ ነበር፤ ውጤቱ ላይ በደረቱ መሃል የነበረው 7 ሴንቲ ሜትር እብጠት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር መውረዱና «ዶቪል 3» መሆኑ ተጽፏል። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ እንቀጥላለን» ብለውናል፤ እኛ ግን ስለ ቀረው 3 ሴንቲ ሜትር እያሰብን እንቅልፍ አጥተናል። እብጠት እያለ እንዴት ጥሩ ይባላል?

መልስ 1
በራዲዮሎጂ ክፍል ስለምሠራ ይህ ጥያቄ አዘውትሮ ይገጥመኛል። ሲቲ የሚያሳየው መጠንንና ቅርጽን ነው፤ ለፔት ግን ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር አመንጪ የተያያዘበት ስኳር መሰል ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና፣ 60 ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ስኳሩን በብዛት የወሰደው ቦታ፣ ለምሳሌ በሕይወት ያለ ካንሰር፣ ደምቆ ይታያል። በሆጅኪን እብጠት ውስጥ የካንሰሩ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት በዙሪያቸው የተሰበሰቡት የመከላከያ ሴሎችና ጠባሳ መሰል ክሮች ስለሆኑ፣ ካንሰሩ ሞቶም ጠባሳው ለዓመታት ሊቀር ይችላል።

በ2009 በፈረንሳይዋ የዶቪል ከተማ የተነደፈው ከ1 እስከ 5 ያለው መለኪያም ድምቀቱን እንጂ ሴንቲ ሜትሩን አይመለከትም። 3 ማለት እብጠቱ በደረት መሃል ካሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ቢደምቅም ከጉበት አልበለጠም ማለት ነው። 4 እና 5 ከጉበት የበለጡ ናቸው። በመደበኛ ሕክምና ላይ ላለ ሰው 3 አብዛኛውን ጊዜ እንደ መልካም ምላሽ ይቆጠራል፤ ኬሞውን ለመቀነስ ሲታሰብ ግን አንዳንድ ሐኪሞች በ3 ላይ ይጠነቀቃሉ፤ ስለዚህ «እንቀጥላለን» ያሉት በዚያው መጠን እንደሆነ ይጠይቋቸው።

መልስ 2
እኔ ታማሚ ነበርኩ፤ ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የደመቀ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በአንዱ ምስሌ ላይ የጀርባ አጥንቴ ከላይ እስከ ታች በርቶ ስናይ ቤተሰቡ ሁሉ ተላቅሶ ነበር፤ ኋላ ሲጣራ ነጭ የደም ሴል ለማብዛት የተወጋሁት መርፌ መቅኔዬን ሥራ አብዝቶበት ኖሯል። በምርመራው ቀን ብርድ ከተሰማ የአንገት ስብ ሳይቀር ስለሚደምቅ ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ነበር። የማጠቃለያው ስካንም አይቸኮልም፦ ከኬሞ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ከጨረር በኋላ 3 ወር ገደማ ይጠበቃል።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሕክምናውን ሲጨርስ በየ3 ወሩ ስካን ቢነሣ አይሻልም?

መልስ 1
ምላሹ ሙሉ ከሆነና ምልክት ከሌለው አይመከርም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ባለው ስካን ከተገኘው በሽታ ይልቅ የተፈጠረውን ድንጋጤ አብዝቼ አይቻለሁ፤ በወጣቶች ላይ ከኬሞ በኋላ ታይመስ የተባለው የደረት ዕጢ አብጦ ይደምቅና ያለ በቂ ምክንያት ናሙና እስከ መውሰድ ያደርሳል። ክትትሉ በሐኪም ዳሰሳና በደም ምርመራ ይሂድ፤ አዲስ ንፍፊት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ሲመጣ ያን ጊዜ ምስል ይታዘዛል፤ የሚያጠራጥር ነገር ከታየም ሕክምና ከመቀየሩ በፊት ናሙና ይወሰዳል። የመጀመሪያው ስካን ያለበትን ሲዲ ግን አይጣሉት፤ አዲሱን የሚያነበው ባለሙያ የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።