«ንብ ንብ ነው»?

የአዘዞው፦ ትናንት ሥልጠና ላይ አንዱ «ንብ ንብ ነው፤ ከመተማ ገዝታችሁ ዳባት ብትወስዱትም ይለምዳል» ብሎን አረፈ። በረሃ ያደገ ንብ ያንን ቁር? ቀፎው የኔ፣ ኪሳራው የኔ!

ሚዛን፦ ምኑ ያናድዳል? በፈረንጅ 2011 የአገራችን ንብ በሙሉ አንድ ንዑስ ዝርያ ነው ተብሎ ሲመንሲስ ተባለ። ስሙ እንኳ ከስሜን ነው።

የዳባቱ፦ በ2004 አምስት ነው ያሉትስ? ሁለቱም የለኩት መልኩንና ክንፉን ነው።

መምህሩ፦ ጂኑን፣ ከወላጅ የሚወረሰውን መመሪያ፣ ያነበቡት የኬንያ ተራሮች ላይ ነው፣ 2017 ወጣ። የደጋውና የቆላው ንብ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ 7ኛውና 9ኛው ክሮሞሶም (የጂን ጥቅል) ላይ ሁለት ቦታ ተከማችቷል። እነዚህ የክሮሞሶም ቁራጮች ተገልብጠው የተቀመጡ ስለሚመስል ሲዳቀሉ አይበጣጠሱም፤ እንደታሰረ ነዶ አብረው ይወርሳሉ።

ሚዛን፦ ይኸው፣ «አንድ ዓይነት ነው» አልክ!

መምህሩ፦ «ማለት ይቻላል»ን የት ዋጥካት?

የአዘዞው፦ አውራዋን ብቻ ባመጣስ?

መምህሩ፦ ተጠቅታ ከመጣች በሁለት ወር ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ የቆላ ይሆናል። ድንጉላው፣ ወንዱ ንብ፣ ደግሞ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል አባት የለውም፤ 16ቱም ክሮሞሶም የእናቱ ነው። ደካማ ጂን ካለው የሚሸፍንለት የአባት ጂን የለውም።

ሚዛን፦ አባት የለውም? መታወቂያ ሲያወጣ ምን ሊሞላ ነው?

አራዳ፦ ስኳር የሚቀላቅሉትንስ ማን ይጠይቅልን?

የዳባቱ፦ እኔ አምና ከቆላ ሦስት መንጋ አመጣሁ። ሐምሌ ላይ ብከፍት ጭብጥ የማትሞላ ንብ የማር እንጀራው ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። አንዱም አልተረፈ። አባቴ ያሠፈረው ጥቁሩ ንብ አጠገቡ ጉም ውስጥ ይመላለሳል።

ሚዛን፦ ሽሮና በሶ ነፍገሃቸው ይሆናል።

የዳባቱ፦ እኩል ነው የመገብኩት!

ሚዛን፦ ሦስት ቀፎ ደግሞ ጥናት ሆነና።

የዳባቱ፦ ያንተ «ንብ ንብ ነው» ስንት ቀፎ ነው?

መምህሩ፦ እውነቱን ለመናገር ኬንያም ስሜን አይደለም። የኛው ንብ በነዚያው ሁለት ቦታዎች ይሁን በሌላ ቁሩን የቻለው፣ ከዚያ ጥናት አይወጣም።

ሚዛን፦ አሁን ደግሞ ሸሸህ።

የአዘዞው፦ ወገን፣ ቅዳሜ ንቡን ሊያስረክቡን ነው። ልፈርም አልፈርም?

አራዳ፦ የስኳሩን ነገር ዘለላችሁት።